ገበያው ቤቱ ገባ፣ የእናቴ ቲኬት መንገድ ላይ ቀረ

ዶሮው አፌ ሳይደርስ ነው ወሬው የደረሰኝ።

ጉዴን ስሙማ! ዛሬ ጾሙ የተፈታ ዕለት፣ ጄኔቫ፣ ለበዓል ከዙሪክ በባቡር የምመላለስበት የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ነን። ቅዳሴ ወጥተን፣ ገበታው ዙሪያ ተሰብስበን፣ የፍልሰታን የመጀመሪያ ፍስክ ጉርሻ ጠቅልዬ አንስቻለሁ።

ከማዶ ጋሽ ታደሰ፣ "የአክሲዮን ገበያው ሲወርድ ሲወጣ ሰንብቶ ትናንት ልክ ወደ ነበረበት ተመለሰ" አሉ።

ጋሽ ታደሰን ለማታውቁ፣ ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በጰራቅሊጦስ ዕለት እዚያው አዳራሽ ውስጥ በሕዝብ ፊት አፋቸውን ያስያዝኳቸውም እኔ ነኝ።

ያን ቀን ስለ ቁጠባ ውይይት ነበረን። እሳቸው ተነሡና፣ "ሰው ገንዘቡን የሚያስገባባቸው፣ የአክሲዮን ገበያውን ውጣ ውረድ በሁለት በሦስት የሚያባዙ ፈንዶች አሉ፤ ሌቨሬጅድ ይሏቸዋል። ገበያው ሲወድቅ የሚያተርፉም አሉ። ተቆጣጣሪው አካል እነዚህን ለተራ ሰው እንዳይሸጡ ቢያግድ ደግ ነው" አሉ።

እኔ ዝም እላለሁ?

እጄን አወጣሁ። "ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እዚህ አገር ስገባ ለመኖር ፈቃድ ለመንኩ። ለመሥራት ፈቃድ ለመንኩ። ከአንዱ ካንቶን ወደ ሌላው ለመዛወር ፈቃድ ለመንኩ። አሁን ደግሞ በላቤ ባገኘሁት ገንዘብ ፈቃድ ልለምን? ሀብታም ይግባ፣ እኛ በር ላይ እንቁም? ሕፃናት ነን እንዴ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ! አንዱ በስልኩ ቀርጾ የአጥቢያችን ግሩፕ ላይ ለቀቀው። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደጋግሜ አየሁት።

እንዲህ ተናግሮ አለመግዛት ይቻላል? አይቻልም!

ሐምሌ ሲያልቅ ገዛሁ። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን፣ የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው እስኪጨርስ ቆሜ፣ ስልኬ ላይ በአውራ ጣቴ። ለእናቴ የደርሶ መልስ ቲኬት ያጠራቀምኩትን ሙሉውን! ገበያው ሲወድቅ የሚያተርፈውን ተውኩት፤ ሰው ሲያለቅስ የሚስቅ ነገር ነፍሴ አልወደደችውም። በሦስት የሚያባዛውን መረጥኩ። የሥላሴ ልጅ ነኝ፤ ሦስት ቁጥርን በምን ልጠርጥር?

በማግስቱ ፍልሰታ ገባ።

እኔ ደግሞ በፍልሰታ የምጾመው ከሥጋና ከወተት ብቻ አይደለም፤ ከስልክም ነው። ከሥራ ከሚደወልልኝ በቀር ሁሉንም ዘጋሁ። ገንዘቤን ለእመቤታችን አደራ ሰጥቼ ሱባኤዬን ያዝኩ።

ነገሩ የገባችሁ ሰዎች እዚህ ላይ "በስመ አብ!" እያላችሁ ነው አይደል? እኔ ግን አልገባኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ ገበታው ልመለስ። "ወደ ነበረበት ተመለሰ" ሲሉ ጉርሻዬን አስቀመጥኩ።

"ጋሽ ታደሰ፣ አላልኩዎትም? ወረደ፣ ተመለሰ፣ ምን ጎደለ? ይኸው ሁላችሁም እዩ!"

ስልኬን ከፈትኩ። እኔ መች አየሁት! ወደ እነሱ አዙሬ ነው የከፈትኩት።

አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ወደ ራሴ አዞርኩት።

ገንዘቤ ተሸርፏል። ጥቂት እንዳይመስላችሁ! እናቴ በቀረው ገንዘብ መምጣት ትችላለች፤ መመለስ ግን አትችልም።

"ገበያው ተመልሷል አላሉም እንዴ?"

"ገበያውማ ተመልሷል፣ ልጄ። ያንቺ ግን ለአንድ ቀን የተሠራ ነው፤ በየቀኑ እንደ አዲስ ይጀምራል። መቶ ፍራንክ ነበረሽ እንበል። ገበያው አሥር በመቶ ሲወርድ ያንቺ ሠላሳ ወረደ፤ ሰባ ቀረሽ። በማግስቱ ገበያው ወደ ቦታው ለመመለስ አሥራ አንድ በመቶ ያህል ይወጣል፤ ያንቺም ሠላሳ ሦስት ይወጣል። ግን የሰባው ሠላሳ ሦስት በመቶ ነው፤ ሃያ ሦስት ፍራንክ ብቻ! ዘጠና ሦስት ላይ ቆመሽ ቀረሽ። እሱ ቤቱ ገባ፣ አንቺ መንገድ ላይ። ደግሞ በማግስቱ እንደገና ሲወርድ አስቢው።"

"ለአንድ ቀን?"

"ለአንድ ቀን።"

እኔ ሱባኤውን ሙሉ!

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ አበባ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ዘንድሮ ጡረታ የወጡት፣ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"የኔም እንደዚያው ሆኗል ማለት ነው?"

"የእርስዎ ምኑ፣ እትዬ?"

"ያን ቀን ስትናገሪ ልቤ ሞላ። ለልጅ ልጄ ነግሬ እኔም ያንኑ በሦስት የሚባዛውን ገዛሁ እኮ። አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፤ አንቺ ካልሽ ብዬ።"

አንቺ ጠንቃቃ ነሽ!

አዎ፣ ጠንቃቃ ነኝ። የወተት ዱቄት እንዳይኖርበት ብዬ የብስኩት ማሸጊያ ላይ ያለውን ጥቃቅን ጀርመንኛ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የማነብ ሴት ነኝ። የፈንዱን ወረቀት ግን? አንድ መስመር አላነበብኩም።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አጥልቀው አጠገባችን ተቀመጡ። የሁለታችንንም እንዲሸጥ አዘዝን። እትዬ አበባ የጎደለባቸውን አይተው ስልኩን ገልብጠው አስቀመጡና፣ "በይ ብዪ፣ ዶሮው ቀዘቀዘ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አቋሜስ? በድፍረት እናገራለሁ፣ ይገደብ!

ይዘጋ አላልኩም። ያን ቀን ስለ ፈቃድ ያልኩት ቃሌ ነው፤ አላጥፈውም። ግን በሩ ላይ ጠያቂ ይኑር። በዚህ አገር ለልብስ ማጠቢያ ቤቱ ቁልፍ ያስፈርሙኛል። ተራዬን ባሳልፍ ጎረቤት ያንኳኳል። እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆሜ የእናቴን ቲኬት ስበትን ግን "ተረድተዋል?" የምትል አንዲት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ብቻ ናት ስልኬ ላይ የመጣችው። "አዎ" አልኩ። ማን "አይ" ይላል?

"ገበያው ወርዶ ቢመለስ፣ የእርስዎስ ይመለሳል?" ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ በኩራት "እንዴታ!" ብዬ ፈተናውን እወድቅ ነበር፤ አይሸጡልኝም ነበር። ያ መውደቅ ቲኬቱን ያተርፍልኝ ነበር። እትዬ አበባንም።

አሁን ልመናዬ በጰራቅሊጦስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ለነበራችሁ ነው። በኔ ቃል የገዛ ካለ ዛሬውኑ ስልኩን ይክፈት፤ ለኔም ይጻፍልኝ፣ አላፍርም።

ቪዲዮዬን ደግሞ አታጥፉት። ግሩፑ ላይ ያለው ጭብጨባው ላይ ይቆረጣል። ጋሽ ታደሰ ከኔ በኋላ ተነሥተው አንድ ነገር ተናግረው ነበር። እስከ መጨረሻው የቀረጸ ሰው ካለ እባካችሁ ይለጥፍልኝ።

እኔ እያጨበጨባችሁልኝ ስለነበር አልሰማኋቸውም።