በስኪ መካከለኛ ነኝ

ሰሞኑን ቁመቴን ስለካ ነው የሰነበትኩት። ልብስ ላሰፋ እንዳይመስላችሁ፤ ስኪ ልመርጥ ነው። አዎ፣ ያ ፈረንጆች እግራቸው ላይ አስረው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ጣውላ። አትሳቁ እንጂ! የምኖረው ጅቡቲ መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ በረዶ ያለው ዓሣ ነጋዴው ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ጥፋቱ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የደላላዋ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ፈረንሳዮች ቤት ሥራ ስታስገባኝ ምክሯ አንድ ነበር፦ ምንም ይጠይቁሽ ምን «ዊ» በይ፣ አዎ ማለት ነው፣ ከዚያ ሮጠሽ ተማሪ። ኬክ ትችያለሽ? ዊ። ዋና ትችያለሽ? ዊ። (ዋናውን የተማርኩት ልጆቹን እየጠበቅኩ ባሕር ውስጥ ቆሜ ነው። እግሬ መሬት መንካቱን ማንም አላወቀም።) በሰው ቤት የምንሠራ ሁላችን እንዲሁ ነን። አልችልም ያለችን ማን ይቀጥራታል?

ባለፈው ወር ማዳም ወጥ ቤት ገባችና ለገና ወደ ባሏ አገር፣ ተራራ ላይ እንደሚወጡ ነገረችኝ። ልጆቹ በረዶ ላይ ስለሚውሉ አብራቸው የምትንሸራተት ሞግዚት ታስፈልጋለች። አማቷ እዚያው አንዲት ልጅ አግኝተዋል። ቤተሰቡ ደግሞ በሐምሌ ጅቡቲን ጨርሶ ይለቃል። ያቺ ልጅ ከተስማማቻቸው እኔ እዚሁ ቀረሁ ማለት ነው። ሁለቱንም ልጆች ከዳይፐር ጀምሬ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ! «አንቺ ስኪ ትችያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ዊ! ያደግኩበትን የደብረ ብርሃንን ብርድ ሳወራላት ስለኖርኩ ብዙም አልገረማት። «በጣም?» ስትለኝ ግን እግዜርን ፈራሁና መካከለኛ ነኝ አልኳት።

በማግስቱ ስልኳን ሰጠችኝ። ስኪ የሚያከራየው ሱቅ ቅጽ ልኳል፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ችሎታ፣ የበረዶው ዓይነት። ከሥሩ የስኪ ፎቶ መዓት። አንቺው ምረጪ፣ ታውቂው የለ ብላኝ ሄደች። አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ቀጭን። አንዱ ደግሞ ለሁሉም ተራራ ይሆናል ይላል። ሁሉም ተራራ! እኔ አንዱንስ መቼ አየሁት?

ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ወዳሉት አናጢ፣ ወደ ጋሽ ታደሰ በረርኩ። አያታቸው ከባቡሩ ጋር የመጡ ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው እዚሁ ሸበቱ። በረዶ አይተው አያውቁም። ግን አንድ ወደ አገሩ የገባ ፈረንሳዊ፣ ስለ ስኪ ሲያወራላቸው ኖሮ የጣለውን መደርደሪያ አድርገውት ነበር። ምስማሩንና ሙጫውን አወረዱና አጠገቤ አቆሙት። ከአናቴ ይበልጣል።

«ይሄ ላንቺ ረጅም ነው። እሽ ብሎ አይዞርልሽም፤ ይዞሽ ነው የሚሄደው። አገጭሽና አፍንጫሽ መሀል የሚደርስ ያዢ» አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጎበጡት። «ደግሞ ለስለስ ያለ ይሁን። ደረቁ ለጎበዝ ነው።»

ስፋቱስ አልኳቸው። በረዶው እንዴት ያለ ነው አሉኝ። ማዳም እንደነገረችኝ፣ ጠዋት ጠዋት ማሽን የሚደለድለው ነው አልኩ። «ታዲያ ሰፊ ምን ይሠራልሻል? ሰፊ ጎማ ለአሸዋ ነው። ደልዳላ ላይ መሀሉ ቀጠን ያለው ይሻላል፣ ጠርዙ ይይዝልሻል።» ለሁሉም ተራራ የሚሆነውንስ ስላቸው ሳቁ። ከካርቲየ 5 ወጥቶ የማያውቅ ሰው የበረሃ መኪና ሲገዛ አላየሽም አሉኝ። ከዚያ ግን አሰብ አደረጉና፣ ውሰጂው፣ ብቻ ከዚያ ዓይነቱ ቀጭኑን ምረጪ አሉ። «መካከለኛ ሰው ነገ የት እንደሚገባ አይታወቅም።»

ሞክሪው ብለው በገመድ እግሬ ላይ አሰሩልኝ። ጫት የሚገባበት ሰዓት ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሮጧል፤ እንኳን ሮጠ። ሰጋቱራው ላይ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ ተዘረርኩ። ጋሽ ታደሰ እያነሱኝ፣ አይዞሽ፣ በረዶው ከዚህ ይለሰልሳል አሉኝ፣ አይተውት እንደሚያውቁ ሁሉ።

ከሰዓት በኋላ ማዳም ፊት ቆሜ ለፈለፍኩ። ቁመቱ እስከ አፍንጫ፣ መሀሉ ቀጠን ያለ፣ ለስላሳ። ማዳም ትጽፋለች፣ መልሳ ትጠይቀኛለች፣ ትጽፋለች። ስጨርስ የወጥ ቤቱን በር ዘጋች።

«ለእኔም ልክ እንደዚሁ ምረጪልኝ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ለካ እሷም ሞቃት አገር ነው ያደገችው። ከሠርጓ በፊት አማቷ ስኪ ትችያለሽ ወይ ሲሏት ዊ ብላቸዋለች! አሥር ዓመት ሙሉ በየገናው ጉልበቴን እያለች መስኮት ሥር ተቀምጣ ትውላለች። ዘንድሮ አማቷ የጉልበት ሐኪም ቀጠሮ ይዘውላታል። ያቺን ልጅ አልፈልጋትም፣ አይታኝ ለአማቴ ትነግርብኛለች፣ የምትሄጂው አንቺ ነሽ አለችኝ። «ስወድቅ ትይዢኛለሽ አይደል?»

አንጀቴን በላችው። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ዊ ነው።

ቪዛውም ወጥቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። እኔም ልምምዴን ጀምሬአለሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት እቆምና በፈረንሳይኛ «ወይኔ ወገቤን!» እላለሁ። ጉልበትንማ ማዳም ጨርሳዋለች።