ሁለት ቀን ያልነው የአፋምቦ መንገድ

«ያላየኸውን አየሁ ብለህ አትጻፍ።» ይህን ሕግ የተማርኩት በመዳፌ ነው፤ መምህራችን በማስመሪያ እየመቱ ነበር የሚያስጠኑን። ሰው በልጅነቱ የተማረውን አይረሳም ይባላል። አይረሳም፤ ግን መቼ ይታዘዘዋል?

በደርግ ዘመን ማብቂያ ግድም አዋሽ ላይ የእርዳታ እህል ማጓጓዣ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበርኩ። አምስት ደቂቃ ያረፈደን ሾፌር የምገሥጽ፣ ነጠላ ሰረዝ የጎደለውን ሪፖርት የምመልስ ሰው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣ። እህላችን በየት በኩል ቢሄድ፣ የትኛው መጋዘን ቢዘጋ እንደሚሻል አስልቶ የሚነግር የኮምፒዩተር ፕሮግራም መገኘቱን አበሠረንና ቅጽ ሰጠኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከአዋሽ እህል እስከምናደርስባት አፋምቦ በክረምት ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ይጠይቃል።

ሾፌራችን ሰይድ፣ መንገዱን እንደ ጓዳው የሚያውቅ የወሎ ሰው፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ጭቃው መኪና ይውጣል» አለኝ። የመሥሪያ ቤታችን ዕቅድ ግን ሁለት ቀን ይላል። ዘጠኝ ብዬ ብጽፍ፣ ሰባቱ ቀን የት ገባ ተብሎ የሚጠየቀው ማን ነው? ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም።

ክቡር ኮምፒዩተርም አመነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያመነኝ ፍጡር የለም። ሁለት ቀን ብቻ ከሆነማ፣ ዛሬ ሰመራ ከተማ በቆመችበት ሜዳ ላይ የነበረችው የቆርቆሮ መጋዘናችን ትርፍ ናት አለ። መንገዱ ሲበላሽ መኪናው እዚያ ያራግፍ፣ ግመሎች ተረክበው ያሻግሩ ነበር። ተዘጋች።

ክረምት ገባና ሰይድ ማሽላ ጫነ። ሊነሣ ሲል፣ «ጋሼ፣ ይኼ ኮምፒዩተርዎ ጭቃ ረግጦ ያውቃል?» ቢለኝ፣ ሥራህን ሥራ አልኩት። ጭቃው ያዘው፤ ዝናቡም ከላይ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኛ የምንለቅመውም አልተረፈን። በዘጠነኛው ቀን አፋምቦ ሲደርስ፣ ማሽላው በጆንያው ውስጥ አቆጥቁጦ ነበር። ሲጠብቁ የሰነበቱት እናቶች ቡቃያውን አይተው ባዶ ዕቃቸውን ይዘው መመለሳቸውን የነገረኝ ራሱ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር አለ።

ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኮምፒዩተር አይሳሳትም፤ ቅጹም በኃላፊ ተፈርሟል። እንግዲያው ጥፋተኛው የታወቀ ነው፤ ሁለቱን ቀን ዘጠኝ ያደረገው ሰው። ለእኔ፣ የተሟላ መረጃ በወቅቱ በማቅረቤ ምስጋና ተሰጠኝ። መምህሬ ቢኖሩ፣ መዳፍህን ዘርጋ ይሉኝ ነበር። ዘረጋሁት፤ ኮሚቴው ብዕር አስያዘኝ፤ ሰይድ ለስድስት ወር መሪ እንዳይጨብጥ የሚያግደውን ደብዳቤ ፈረምኩበት።