ስፒከሩ ምን ላይ ይቁም?

[ከሰዓት በኋላ ነው። ወለሉ ጣውላ የሆነ ፎቅ ላይ ያለ ሳሎን። መሃል ላይ ወገብ የሚደርስ ስፒከር ተገትሯል፤ አጠገቡ የግራናይት ጠፍጣፋ፣ አራት ሹል የብረት እግሮችና አንድ ወፍራም ሳንቃ አሉ። ሁሉን አውቃለሁ ስለሚል ሰፈሩ «ሊቁ» ያለው የቤቱ ባለቤት ወንበሩ ላይ ተኮፍሷል። የሚስቱ ወንድም፣ ምድር ቤት የሚኖረው የሌሊት ዘበኛ፣ እንቅልፍ በማጣት ዓይኑ ቀልቶ፣ ስፖንጅ በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል።]

ሊቁ: አይሆንም አልኩህ! ስፖንጅ ድምፅ ይበላል!

ዘበኛው: ይብላዋ! የእኔን እንቅልፍ ከሚበላ የራሱን ድምፅ ይብላ።

ሊቁ: አየህ፣ ካንተ ጋር ሳይንስ የማይወራው ለዚህ ነው። ስፒከር የሚቆመው ጠንካራ ነገር ላይ ነው። ስፖንጅ ላይ ስፒከር የሚያስቀምጥ ሰው፣ ጆሮ የተሰጠው ለመነጽር ማንጠልጠያ ነው።

ዘበኛው: እኔ መነጽር የለኝም።

ሊቁ: እንግዲያው ያንተ ጆሮ ሥራ ፈት ነው።

ዘበኛው: ኧረ ሥራ በዝቶበታል! ሌሊቱን በር ስጠብቅ አድሬ ጠዋት ጋደም ስል፣ ኮርኒሱ ድው! ድው! የድስቱ ክዳን አብሮ ይዘፍናል። ትናንትማ የግድግዳ ሰዓቴ ተነቅሎ አልጋዬ ላይ ወደቀ። እኔም ምን ያህል እንደተኛሁ አየሁበት። አስር ደቂቃ!

ሊቁ: ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም፤ የጣውላው ነው። ጣውላ ከሥሩ ባዶ ነው። ስፒከሩ ሲመታው ከበሮ ይሆናል።

ዘበኛው: ታዲያ እኔ ከበሮ ውስጥ ነው የምኖረው?

ሊቁ: ጎሽ! ዛሬ ገና አንድ ነገር ገባህ።

ዘበኛው: እህቴ ያለችውን አትርሳ። ከሥራ ስትመለስ ይሄ ወለል ከተንቀጠቀጠ ስፒከሩ ይሸጣል።

ሊቁ: [ድምፁ ሰለል ብሎ] አልረሳሁም። ይሄን ለመግዛት ሦስት ዓመት ለምኛታለሁ። እሱ ከሄደ እዚህ ቤት ውስጥ የእኔ የምለው ምን ይቀረኛል? ይቺ ወንበር!

ዘበኛው: እሷም እግሯ ተነቃንቋል።

ሊቁ: ዝም ብለህ ስማ! እኔ ዓይኔን እታሰራለሁ። አንተ ግራናይቱን፣ ሹል እግሮቹን፣ ሳንቃውን ተራ በተራ ከሥሩ ታደርጋለህ። ጆሮዬ አንዱን ይመርጣል።

ዘበኛው: መታሰሩ ለምን አስፈለገ?

ሊቁ: ዓይን ጆሮን ያታልላላ!

ዘበኛው: ጆሮህ ከመረጠ በኋላስ? ሐሳብህን አትቀይርም?

ሊቁ: የእኔ ጆሮ የመረጠውን እንኳን አንተ፣ ሚስቴም አታነሳውም። ቃሌ ነው።

[መነጽሩን አውልቆ ለዘበኛው ይሰጠውና ዓይኑን በፎጣ ያስራል። ዘበኛው ውሃ የሞላ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ያስቀምጣል።]

ሊቁ: መጀመሪያ እንዲሁ፣ ባዶ ወለል ላይ!

[ዘፈኑ ይለቀቃል። ውሃው ይርገፈገፋል፤ ብርጭቆው እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል።]

ሊቁ: በቃ፣ አጥፋው! ድምፁ ጭቃ ነው! ግራናይቱን አስገባ።

[ዘበኛው ግራናይቱን ሊያነሳ ሞክሮ ወገቡን ይይዛል። ስፒከሩን አዘንበል አድርጎ ስፖንጁን ይወሽቅበታል። ከዚያ ግራናይቱን በጫማው ጓ! ጓ! ያደርገዋል። ዘፈኑ ይለቀቃል። ውሃው ጸጥ ይላል።]

ሊቁ: እሰይ! ጥርት! ድንጋይ ማለት ይሄ ነው! ሰማህ?

ዘበኛው: እኔ የማየው ውሃውን ነው።

ሊቁ: የምን ውሃ?

ዘበኛው: ጠምቶኝ ነው።

ሊቁ: ቀጥል! ሹሎቹን!

[ዘበኛው ዘፈኑን አጥፍቶ ብረቶቹን እፍኙ ውስጥ አንኳኩቶ ኪሱ ይከታቸዋል። ስፒከሩን ሳይነካ ዘፈኑን መልሶ ይለቃል።]

ሊቁ: ኧ... ሾለ። ጠርዙ ጆሮ ይወጋል።

ዘበኛው: ለእኔ ግን ያው ነው።

ሊቁ: ላንተማ! «ለአህያ ማር አይጥማት» አሉ። ሳንቃውን!

[ዘበኛው ዘፈኑን አጥፍቶ ሳንቃውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ዘፈኑን መልሶ ይለቃል።]

ሊቁ: አሁን ደግሞ ሞቀ። ለዘብ አለ። ዛፉ የበቀለበትን ቦታ ሁሉ ልነግርህ እችላለሁ!

ዘበኛው: ጉድ ነው!

ሊቁ: ግን አሸናፊው ግራናይቱ ነው። መልሰው!

ዘበኛው: [ዘፈኑን አጥፍቶ፣ ቆሞ እያቃሰተ] እህ... እህህ... ተመለሰ! [ዘፈኑን ይለቃል]

ሊቁ: ይኸው! ይኸው! መቶ ጊዜ ብትቀያይረው አልሳሳትም! በቃ፣ እዚህ ላይ ይኖራል!

ዘበኛው: ቃልህ ነው?

ሊቁ: ቃሌ ነው!

ዘበኛው: እንግዲያው ፎጣውን ፍታ።

[ዘበኛው ዘፈኑን ያጠፋል፤ ሊቁ ፎጣውን ይፈታል። ዓይኑን አጥብቦ ወዲያ ወዲህ ያያል።]

ሊቁ: ግራናይቱ... እዚያ ምን ይሠራል?

ዘበኛው: ካስቀመጥክበት መች ተነሳ? ወገቤ እንቢ አለኝ።

ሊቁ: ሹሎቹስ?

ዘበኛው: ኪሴ ውስጥ። እውነትም ይወጋሉ።

ሊቁ: ሳንቃውስ?

ዘበኛው: እሱማ እዚያው ነው፤ አገሩን ያወቅክለት!

ሊቁ: [ተንበርክኮ ከስፒከሩ ሥር እያየ] ስፖንጅ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ስፖንጅ?

ዘበኛው: ከፍራሼ ላይ የቆረጥኩት ነው። ስፒከሩ ካልተኛ እኔ አልተኛም፤ ስለዚህ ከፍራሼ አካፈልኩት።

ሊቁ: አንሳልኝ!

ዘበኛው: ጆሮህ የመረጠውን? ሚስትህም አታነሳውም አላልክም?

[ከደረጃው የሴት ኮቴ ይሰማል። ሊቁ ተነስቶ ሱሪውን ያራግፋል።]

ሊቁ: መጣች! ምን ልበላት?

ዘበኛው: ምንም። ዘፈንህን ክፈትላትና ብርጭቆውን አሳያት። ስፒከርህ አይሸጥም፤ እኔም ልተኛ ነው።

ሊቁ: ስለ... ስለ ጆሮዬስ?

ዘበኛው: [መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ያንጠለጥልለታል] እሱም ሥራ አላጣም።