የሟቹ ዜማ ደራሲ ጠበቃ

ሙዚቃ ባለበት ሁሉ አንድ አራሚ አይጠፋም። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ፣ እሱ የዜማውን ጽሑፍ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጥፋተኛ ይጠብቃል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ከኋላችሁ ተቀምጦ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰምታችሁታል።

የእኛ ቤት አራሚ የእህቴ የሉት መምህር ናቸው። ሉት ሆዱ እንደ ግማሽ ዱባ ያበጠ፣ አንገቱ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ጥንታዊ ባለ ክር መሣሪያ ነው። የድሮ ዜማዎቹ ሲጻፉ ጣት የትኛው ክር ላይ፣ የት ጋ እንደሚያርፍ ይነግራሉ እንጂ ብዙ አያወሩም። ጌጡንና ነፍሱን ተጫዋቹ ይጨምርበታል ይባላል። ክቡር መምህራችን ግን «ማን አለ?» ይላሉ።

ሉት በትርፍ ጊዜያቸው እያስተማሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማተሚያ ቤት ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ጠረጴዛቸውን አስረከቡ፤ ዓይናቸውን ግን ይዘውት ወጡ። ቤታችን ሲመጡ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያርሙ ወንበር አይስቡም። አንድ ቀን እናቴ ሳህን እያጠበች ስታንጎራጉር አንድ ስንኝ ብትዘል፣ ከሳሎን ሆነው «እመቤቴ፣ ይቅርታ፣ አንድ መስመር ወድቋል» አሏት። ከዚያ ወዲህ እናቴ እሳቸው ባሉበት የምታጥበው ድምፅዋን አጥፍታ ነው።

እህቴ በምትወደው አንድ የድሮ የጭፈራ ዜማ ውስጥ ጆሮ የሚሸነቁጥ ድምፅ አለ። ጽሑፉን ጥንት ያተመው ሰው እንደተሳሳተ፣ ከሙዚቃ ማጨብጨብ ብቻ ለማውቀው ለእኔ እንኳ ገብቶኛል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ስህተት ነው እኮ» አለቻቸው።

«አዎ፣ ነው።»

«ታዲያ ላስተካክለዋ?»

«የራስሽን አስተካክይ። ይሄ የሰው ስህተት ነው።»

አንድ ቀን አንጀቴ አርሮ፣ ለአንዲት ድምፅ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «በሕይወት ያለ ሰው ቃሉን ሲነኩበት ይቆጣል። የሞተው ግን መጥቶ ‹እንዲህ አላልኩም› አይልም። ታዲያ አንድ ሰው ሊቆምለት አይገባም?» አሉኝ። ትክክል መሆናቸው ይበልጥ አናደደኝ።

እንግዲህ እህቴ ለአንድ የጥንታዊ ሙዚቃ ቡድን ልትፈተን ሆነ። የሉት ቦታ አንዲት ብቻ ናት። እህቴ ከፋርማሲው ባንኮኒ ኋላ ቆማ የራስ ምታት ክኒን እየሸጠች ስታልም የኖረችው ይቺኑ ቦታ ነው። የቡድኑ መሪ ደግሞ «የሌለውን የሚጨምር ተጫዋች አንዴ ብቻ ነው የምሰማው» ባይ ነው። ይህን እያወቀች «ጭፈራውን ስደግመው የራሴን ጌጥ አገባበታለሁ፤ አለዚያ ለምን እጫወታለሁ?» አለች።

«እንግዲያው ገጽ የሚገልጥልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉ መምህር።

ገጽ የሚገልጡላት እሳቸው ናቸው። ጽሑፉም ከቤተ መዛግብት ለምነው ያስገለበጡት የእሳቸው ቅጂ ነው፤ ሌላ ማንም የለውም። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ የፈተናው ቀን ደረሰ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱም አይከፈትም። መሪው እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። መምህር ኩርፊያቸውን ሳይተዉ ቅጂያቸውን ይዘው መጥተው ከእህቴ ጎን፣ እኔ በሩ ጥግ። እህቴ የመጀመሪያውን ዙር እንደ ወረደ፣ ከነስህተቱ ተጫወተችው። መሪው ፊቱን ቅጭም አደረገ። መምህር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ድግግሞሹ መጣ፤ የፈሩት ይደርሳል። ጣቶቿ ከጽሑፉ ወጡ። ያቺን ክፉ ድምፅ አልሸሸቻትም፤ ዙሪያዋን እያባበለች፣ እየከበበች አለሰለሰቻት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የማየው የመምህርን እጅ ብቻ ነው። ገጹ ሊያልቅ ነው፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ደርቆ ቀርቷል። ሽማግሌው ተነስተው ቢወጡ እህቴ አበቃላት።

በመጨረሻዋ ቅጽበት ገለጡት።

ስትጨርስ መሪው ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ድግግሞሹ ላይ የሰማሁት፣ ጽሑፉ ላይ አለ?»

እህቴ አፏን ከመክፈቷ መምህር ቅጂውን ጥርቅም አድርገው ዘጉና ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«እኔ አራሚ ነኝ» አሉ። «ስህተት አላየሁም።»

መሪው ብብታቸውን አየ፣ ፊታቸውን አየ። ያን ፊት ደፍሮ «እስቲ ያሳዩኝ» የሚል ሰው አልተፈጠረም። «ሰኞ ጠዋት ለልምምድ ነይ» አላት።

ኮሪደሩ ላይ የኮታቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። እኔ ቆለፍኩላቸው። ስንት ዓመት ያናደዱኝን ሰውዬ እንደዚያች ሰዓት ወድጃቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ አስዋሸሁዎት» አለች እህቴ፣ እንባዋ እየመጣ።

«የእሱን ሒሳብ በኋላ እናወራርዳለን» አሉ ቆጣ ብለው። ግራ ቀኙን አዩና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። «አሁን መሣሪያሽን አውጪ። ያንን ጌጥ ድገሚው።»

«እዚህ? ለምን?»

«ቀስ እያልሽ ተጫወቺ፤ ልጽፈው ነው። ነገ አንዱ ተነስቶ እንዳያበላሽብሽ።»