ወይዘሮ ኤይልሳ እና የጥጆቼ እበት

ከብት በሚረባበት አገር ሁሉ፣ የሰው በረት ካልፈተሸ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለጊፕስላንድ ከብት አርቢዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ኤይልሳ ፔንሃል ናቸው። ሌላው ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ብስኩት ይይዛል፤ እሳቸው ማንኪያና የላስቲክ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። ማንኪያው ለሻይ አይደለም። ትኩስ እበት ይጨልፉበታል፤ ቤታቸው ወስደውም በማይክሮስኮፕ የሆድ ትል እንቁላል ይቆጥራሉ።

«ሳይቆጠር አይጠጣም!» ነው ሃይማኖታቸው። የትል መድኃኒቱን ማለታቸው ነው። በገዛ ልጃቸው ሰርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ፣ የሙሽራውን አባት «ለመሆኑ የወይፈኖችህ እበት ይቀጥናል?» ብለው የጠየቁ ሴት ናቸው።

ባለፈው ዓመት በበልግ፣ ጡት ያስጣልኳቸው ስልሳ ጥጆች ከሱ። ጸጉራቸው ቆመ፤ ጭራቸው በተቅማጥ ተለወሰ። እኔም እንደ ወትሮው መድኃኒት አጠጣኋቸውና እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ኤይልሳ ከነማንኪያቸው ከች አሉ።

«ምን ሊያደርጉ መጡ? አጠጥቻቸዋለሁ እኮ!»

«መጠጣታቸውን ማን ጠየቀህ? ትሉ መሞቱን ነው የምጠይቅህ።»

«የሞተ ትል ደግሞ ምን ይቆጠራል?»

«ክሌም፣ አፍህን ዝጋና ያቺን ቀይ ጥጃ ተከተል። ጭራዋን አነሳች!»

የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። ከረጢት ይዤ በዝናብ ከጥጃ ኋላ ኋላ ግማሽ ቀን ዋልኩ። አላፊ አግዳሚው መኪናውን እያቆመ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ደወሉ። «ትሎችህ መድኃኒቱን ለምደውታል። እንቁላሉ እንደ አሸዋ ነው። ውሃ ብታጠጣቸውም ያው ነበር።»

መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ፈራሁ። ሁለት ጥጆች መነሳት አቅቷቸው ነበር። ወይዘሮ ኤይልሳ የእንስሳት ሐኪሙን ራሳቸው ጠርተው መድኃኒቱን አስለወጡ። አንዷ ሞተችብኝ፤ ሃምሳ ዘጠኙ ዳኑ። በአስራ አራተኛው ቀን ተመልሰው ቆጠሩ። ምንም የለም! ሲነግሩኝ ግን ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ የሚቆጥሩት አጥተዋላ።

ዘንድሮ ዓይናቸው ደከመ። አንድ ማክሰኞ ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን አቅፈው መጡና ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ከእንግዲህ አንተ ትቆጥራለህ፤ እኔ እቆጣሃለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን ነን።

«ስንት ሆነ?»

«አስራ አንድ።»

«ዘለሃል። እንደገና!»

አልዘለልኩም። ግን ቆጠራው ሲያልቅ ኮታቸውን ደርበው፣ ማንም ወደማይጠብቃቸው ቤት ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ዓይኔን ወደ ማይክሮስኮፑ እመልስና፣ ቀስ ብዬ፣ ከአንድ እጀምራለሁ።