በንድፉ ላይ የሌለ ሁሉ ይነሣ

በቻንዲጋር ከተማ፣ የሴክተር ሃያ ሁለት የሦስተኛው ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2001 እ.ኤ.አ.፣ የሎህሪ በዓል እሳት በነደደ ማግስት
ቦታ፦ የሕንፃው ጣሪያ፣ ፀሐይ ባለችበት በኩል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ለአራት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት

የተገኙ፦
1. ሽሪ ቲላክ ራጅ ባትራ፣ ጡረተኛ የመስኖ መሐንዲስ፣ ሊቀ መንበር
2. ሰርዳር ናዛር ሲንግ (ሰርዳርጂ የምንላቸው)፣ ጡረተኛ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ፣ አባል
3. ወይዘሮ ኡሻ ሜህንዲራታ፣ የምድር ቤቷ፣ አባል
4. ወይዘሮ ካምሌሽ ካሊያ፣ ጸሐፊ (ይህን የምጽፈው እኔ)

ያልተገኙ፦ ሁለት። አንደኛው ሉዲያና ሠርግ ሄደዋል፤ ሁለተኛው ሊቀ መንበሩን ካኮረፉ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው፤ ነገር ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ታይተዋል። ከስድስት አባል አራቱ ስለተገኙ፣ ለውዙና የሰሊጥ ጣፋጩም ስለቀረበ፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ጎብኚዎች

ሊቀ መንበሩ ማክሰኞ ዕለት የጥንት ሕንፃዎች መርማሪ ጎብኚዎችን አስከትሎ እንደሚመጣ አበሠሩ። ሕንፃችን ልክ እንደ መጀመሪያው ንድፉ ከተገኘ በጎብኚዎች መዝገብ ይገባል፤ በሩም ላይ የነሐስ ሰሌዳ ይሰቀልለታል። «ፈረንጁ ሁሉ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፣ ወደ ድንጋዩ የአትክልት ስፍራ ይሄዳል፣ ነፋስ የሚያሽከረክረውን የብረት እጅ ቀና ብሎ ሲያይ አንገቱ ይቀጫል። እኛስ ሲሚንቶ የለንም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

ሲሚንቶ እንዳለን በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ራም ላካን ጠረጴዛ

ሊቀ መንበሩ ደረጃው ሥር ልብስ የሚተኩሰው ራም ላካን ጠረጴዛውንና የከሰል ጆንያውን ይዞ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያታቸው ከተማው ሁሉ የሚያወራለት የሲሚንቶ ወንፊታችን፣ ያ የተበሳሳው ግድግዳ፣ ከበስተኋላው ስለሚውል፣ ፎቶ የሚያነሣ ሰው የሰው ሱሪ አንሥቶ ይሄዳል የሚል ነው።

ወይዘሮ ኡሻ «ባትራ ሳሂብ፣ የዛሬው ሱሪዎ እንዲህ ስለት ያወጣው በማን ካውያ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ ሱሪያቸው አጀንዳ አይደለም ሲሉ መለሱ። ሱሪው አጀንዳ አለመሆኑ ተመዝግቧል።

ራም ላካን ተጠርቶ ወጣና ነገሩ ተነገረው። «ባቡጂ፣ አባቴ እዚህ ቦታ ሲተኩስ ሕንፃው ገና ግድግዳ አልነበረውም። እኔም ከሱ ከተረከብኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የሌላው ሕንፃ ደረጃ ሁሉ የየራሱ ተኳሽ አለው። ከዚህ ብነሣ የት ነው የማርፈው?» አለ። ሰርዳርጂ ለውዝ መፈልፈላቸውን አቆሙ። ራም ላካን ትንሽ ጠብቆ፣ ካውያው እንዳይበርድበት ብሎ ወረደ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በንድፉ ላይ የሌለ ማንኛውም ነገር እስከ ሰኞ ማታ እንዲነሣ፣ ከሁሉም አስቀድሞ የካውያው ጠረጴዛ እንዲነሣ በሦስት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የተቃወሙት ሰርዳርጂ ናቸው። ወይዘሮ ኡሻ የደገፉት የከሰሉ አመድ ድንብላላቸው ላይ ስለሚበን ነው። ጸሐፊዋ የደገፈችው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰሌዳው ነሐስ ነው ስለተባለ ነው።

አጀንዳ ሦስት፦ ንድፉን ስለማየት

ሰርዳርጂ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ለመሆኑ ንድፉን ያየው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልነበረም። «እንግዲያው እኔ አለኝ። በሃያ ዓመቴ በገዛ እጄ የሳልኩት ነው» ብለው ወረዱና፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ከቆርቆሮ ሣጥናቸው አውጥተው አመጡት። እንደዚያ ዘመን ልማድ በስስ ጨርቅ ላይ የተሳለ ነው። በገመድ አልጋው ላይ ተዘረጋ። ሰርዳርጂም በከዘራቸው እየጠቆሙ አነበቡልን።

ሀ) የሊቀ መንበሩ የጸሎት ክፍል። «ባትራ ሳሂብ፣ እዚህ ጋ በረንዳ ነው ያለው። ነፋስ ብቻ» አሉ። ሊቀ መንበሩ እዚያ ያለው ነፋስ ሳይሆን አምላክ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ሰርዳርጂ አምላክ በንድፉ ላይ እንደሌለ ገለጹ። ሊቀ መንበሩ ይህ ቃል እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ ሰርዳርጂ እንዲሰመርበት ጠየቁ። ባለበት ቀርቷል።

ለ) የወይዘሮ ኡሻ አጥር። መስኩ የጋራ ሲሆን ታጥሮ ድንብላልና አብሽ ተዘርቶበታል። ወይዘሮ ኡሻ «ትናንት ማታ እሳቱ ዳር ተቀምጣችሁ በዳቦ እያጠቀሳችሁ ስትበሉት የማን ድንብላል ነው ያለ አልነበረም» አሉ።

ሐ) ጸሐፊዋ የጓሮ በረንዳዋን በመጠኑ ሸፍናለች። ይህ በአጭሩ እንዲታለፍ ሐሳብ ብታቀርብም፣ ወይዘሮ ኡሻ «እኅቴ፣ የኔን በዝርዝር ጽፈሽ?» ስላሉ በዝርዝር ይመዝገብ፦ ወንፊቱ በመስታወት ተዘግቷል፤ ሁለት መደርደሪያ፣ ዐሥራ አንድ ማሰሮ በዘይትና በቅመም የተዘፈዘፈ የማንጎ አቻር፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለበት።

መ) አሁን ተደግፈነው የተቀመጥነው ግድግዳ የሰርዳርጂ ልጅ ከነሚስቱ የሚኖርበት ክፍል ነው። በንድፉ ላይ ሰማይ ነው። ይህን ራሳቸው ሰርዳርጂ ተናገሩ። «ነዳፊው ራሱ የሌቦቹ አለቃ ነው» ብለውም ሣቁ።

ሠ) ከደረጃው ሥር ጥፍር የምታህል የሰው ምስል ተስላ ተገኘች። በጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ አንድ ክንዷ ተዘርግቷል። ሊቀ መንበሩ ምን እንደሆነች ጠየቁ። ሰርዳርጂ እንዲህ አሉ፦ «አለቃዬ የሕንፃው መጠን እንዲታወቅ አንድ ሰው አስገባበት አለኝ። በዚያን ጊዜ ያለችኝ አንድ ሸሚዝ ነበረች። ሱክራም፣ የዚህ የራም ላካን አባት፣ እስኪተኩስልኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አጠገቡ እቆም ነበር። ፊቴ ያለው ሰው እሱ ነው፤ እሱን ሳልኩት።»

ስለዚህ በአጀንዳ ሁለት ውሳኔ መሠረት ከሕንፃው ላይ መነሣት የሌለበት የካውያው ጠረጴዛ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከደረጃው በኩል ያኮረፉት ጎረቤታችን ሲሥቁ ተሰምቷል።

ሊቀ መንበሩ ንድፉ ለጊዜው እሳቸው ዘንድ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሰርዳርጂ «ከሣጥኔ የወጣ ወደ ሣጥኔ ይገባል፤ መርማሪውም ከፈለገው ያየዋል» አሉ። ወዲያው ንድፉ በሁለት ወገን ተይዞ ለአራት ደቂቃ ያህል ውይይት ተደረገበት። ወይዘሮ ኡሻም መሐል ገብተው ተወያዩ። ሲለቀቅ እንደ ታጠበ ጥምጥም ተጨማድዶ ነበር፤ ሰርዳርጂ አቅፈውት ተቀመጡ።

ንድፉ እንዲተኮስ ያለ ተቃውሞ ተወሰነ። ማን ይተኩሰው የሚለው ለውይይት አልቀረበም።

ጸሐፊዋ ወደ ራም ላካን ይዛው ወረደች። እርጥብ ጨርቅ ጣል እንዲያደርግበት የሰርዳርጂን ቃል አደረሰች፤ የተባለውንም ሁሉ በአጭሩ አስረዳችው። ይህ ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል። ራም ላካን ሁሉንም ሰምቶ «እዚህ ያለው አባቴ ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። እጁን በሱሪው ጠረገና፣ ጣቱን ሳያስነካ ጎንበስ ብሎ አየው።

ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይዞት ወጣ። ንድፉ አንድ ሽብሽብ አልነበረበትም። ነገር ግን አራት ቦታ ላይ የካውያ አሻራ አርፎበት ቡናማ ሆኗል፦ አንዱ በሊቀ መንበሩ በረንዳ፣ አንዱ በጋራው መስክ፣ አንዱ በጓሮው ወንፊት፣ አንዱ በጣሪያው ሰማይ ላይ። በአራቱም ቦታ የተሳለው መስመር አይነበብም። ከደረጃው ሥር ያለው ሰው ከነጠረጴዛው ንጹሕ ነው።

ሊቀ መንበሩ «ምን አደረግክ አንተ?» አሉ።

«ባቡጂ፣ ጨርቁ አርጅቷል። ፍሙም የሎህሪ ፍም ነው፤ ይበረታል» አለ።

ሰርዳርጂ መነጽራቸውን አውልቀው ተጠግተው መረመሩ። ከዚያም ማስመሪያ ይዘው እንኳ እንዲህ አስተካክለው እንደማያውቁ አስመዘገቡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በንድፉ ላይ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ከእንግዲህ ማወቅ ስለማይቻል፣ ከዚህ በላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሊነበብ የቻለው አንድ ነገር ብቻ፣ ጠረጴዛውና ሰውየው፣ እንደ ጥንቱ በቦታቸው ይቆያሉ። ሰሌዳ ቢመጣ ከካውያው በላይ ይሰቀላል፤ ባይመጣ ምስማሩ ሸሚዝ ይሰቀልበታል።

ሊቀ መንበሩ ማክሰኞ የሚለብሱት ኮት ገና ስላልተተኮሰ፣ ስብሰባው በስምንት ሰዓት በእሳቸው ጠያቂነት ተበትኗል።

ራም ላካን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ሰው ኮሌታ እንኳ አቃጥሎ እንደማያውቅ ጸሐፊዋ ታውቃለች። ማንም ስላልጠየቀ ግን አልተናገረችም።