ቦይ ዳር የሚዝናናው የአጎቴ ልጅ

የትም ላይደርሱ ፔዳል የሚመቱ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? የአጎቴ ልጅ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ሸዋ ሮቢት ይመጣና፣ በዚህ ሐሩር የመስኖውን ቦይ ዳር ዳሩን ይዞ ውኃ ውኃውን እያየ ቀስ ብሎ ይነዳል። «መዝናናት ነው» ይለኛል።

እኔ እርሻዬ ከቦዩ መጨረሻ ነው። የላይኞቹ ያለ ተራቸው ውኃውን እየጠለፉት ሽንኩርቴ ጠወለገ፤ ተራ የሚያስከብረውን የውኃ አባት በመለመን ምላሴ ደረቀ።

ባለፈው ታዲያ የላይኞቹ የልጁን ሄልሜትና መነጽር አይተው «ተቆጣጣሪ መጣ!» ተባባሉና የጠለፉበትን ሁሉ በጭቃ ደፈኑት። ውኃው ተንደርድሮ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ፣ «አልሐምዱሊላህ! የትኛውን ሹም ላኩልን?» አሉ።

ሹሙ ላቡን እየጠረገ መጥቶ፣ «ደክሞኛል፤ ነገ አርፋለሁ» አለኝ።

በዚያው በደረቀ ምላሴ፣ «እባክህ ወንድሜ፣ ነገም ተዝናና» ብዬ ለመንኩት።